ቀይ ክር፣ ነጭ ክር

ተረት ተረት! «የዶሮ ቤት!» በሉኝ እንጂ፤ ምን ዝም ትላላችሁ?

ዱሮ ዱሮ፣ ዶሮም ቢላዋም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አትጠገብ የምትባል ባልቴት ነበረች። ከእናቷ የወረሰችው የዶሮ ዘር ነበራት፤ ላባው ገብስማ፣ ራሱ ላይ ጉትዬ ያለው። ያን የመሰለ ዘር ሸለምጥማጥ ከነአውራው ጨረሰባትና አንዲት ያረጀች እናት ዶሮና ሁለት እንቁላል ብቻ ቀሩላት።

ሹል እንቁላል ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት ይባል የለ? አትጠገብም ከሹሉ በወጣው ጫጩት እግር ላይ ቀይ ክር አሰረችና «ድግሱ» አለችው፤ ለፋሲካ ሊታረድ። ከድቡልቡሉ በወጣው ላይ ነጭ ክር አሰረችና «ትቆይ» አለችው፤ ቄብ ሆና እንቁላል ልትጥል። ዘሩንስ በጉትዬው አወቀችው። ወንድ ሴቱን ግን፣ እኔ ልንገራችሁ፣ ገልብጣዋለች!

ድግሱ የተባለችውን ሴቷን እናትየው «አንተ ወንድ አይደለህ? ፊት ቅደም!» ትላታለች። ትቆይ የተባለውን ወንዱን «ነይ ልጄ፣ ክንፌ ስር ግቢ» ትለዋለች። ተመቸው። ጭልፊት በመጣ ቁጥር ድግሱ እየዘለለች ትፋለማለች፤ እሱ ከክንፍ ስር አጮልቆ ያያል።

አንድ ቀን ትቆይን ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ገፋው። ጩኸት ነው። ደነገጠና ከተፈለፈለበት ጭድ ላይ ወደ ቀረው የእንቁላሉ ቅርፊት ሄደ።

«ኧረ እኔ ማነኝ?»

«እኔ ድቡልቡል ነበርኩ፤ ስለዚህ ሴት ነሽ» አለው ቅርፊት።

እግሩ ላይ ያለውን ክር ጠየቀው። «እኔ ነጭ ነኝ፤ ስለዚህ ሴት ነሽ» አለው ክር።

በመጨረሻ ቢላዋን ጠየቀው። ቢላዋ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ቅርፊት አላይ፣ ክር አላይ። የአንገትህን ላባ ተመልከት፤ እንደ እኔ ጫፍ ሾሏል። የእህትህ ድቡል ያለ ነው። ወንዱ አንተ ነህ! እኔ ግን ምን ቸገረኝ? የሰጡኝን እቆርጣለሁ። ዝም ካልክ ትኖራለህ።»

ትቆይ ጩኸቱን ዋጠ። ጠዋት ይውጣል፣ ማታ ይውጣል። ነፍስ ትጣፍጣለች፤ ማን ይፈርድበታል?

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ ውሃው ፈላ፣ አትጠገብ ድግሱን በክንፏ ይዛ ወጣች። ድግሱ አልተንጫጫችም። ዞር ብላ ወንድሟን አየችውና፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ጭልፊት ሲመጣ ቶሎ ግቢ፤ እኔ የለሁልሽም» አለችው።

«ይሄ ቢላዋ እኮ የኔ ነበር» አለ ትቆይ በሆዱ። አጥሩ ላይ ዘሎ ወጣ፣ አንገቱን መዘዝ አደረገ፣ ስንት ቀን ሲውጥ የከረመውን በአንድ ጊዜ ለቀቀው፦

«ኩኩሉሉ!»

«በስመ አብ!» አለች አትጠገብ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። የድግሱን ላባ ገለጥ፣ ቀና ብላ የእሱን አየት፣ መልሳ የድግሱን ገለጥ አደረገች። «እኔን ይድፋኝ! ቄቧን ላርዳት ነበር! የእናቴን ዘር በገዛ እጄ ላጠፋው!»

«እንግዲህ እሱን አምጪዋ» አላት ቢላዋ ከወደቀበት።

ትቆይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው አትጠገብ ቢላዋውን። «አውራዬን ሸለምጥማጥ በልቶብኝ፣ ዛሬ ሌሊት በማን ጩኸት ጾም ልፈታ ነው?»

ያን ሌሊት ትቆይ ጮኸ፤ አትጠገብም ጾሟን ፈታች። ወጡ ውስጥ ጎረቤት ከሰጣት እንቁላል በቀር ምንም አልነበረም፤ ግን ጣፈጣት።

ከርሞ ድግሱ እንቁላል ጣለች። የመጀመሪያው ሹል ነበር። አትጠገብ አገላብጣ አየችው፤ እጇ ወደ ቀዩ ክር ሄደና፣ አፍራ መለሰችው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን እንተርታለን፤ ሄዶ ማንነቱን እስኪነግረን ግን አንታገሥም።

ተረቴ አለቀ፤ ክሩን በጣጥሱ፣
ጥሬውን ለሁሉም እኩል አፍስሱ።