ዜሮ ያስጨፈረው መስታወት ሠሪ

አንድ መስታወት ሠሪ ነበረ። ወለላ፣ «የዓመት ሙከራዬ የፈለግኩትን ሳያገኝ ዜሮ ወጣ፤ ልጣለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ እሱን የገጠመውን ልንገርሽ።

ይህ ሰው መስታወት የሚሠራው ለፊት መመልከቻ አልነበረም። ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ኤክስሬይ ሊይዝበት ነው። ኤክስሬይ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት እንደምታውቂው፣ ሥጋ አልፎ አጥንት የሚያሳይ ብርሃን ነው፤ ተራ መስታወት አይመልሰውም፣ ሰርጎ ይገባበታል። የሰውዬው ምኞት ከዚህም ይብሳል። ብርሃን ሲጓዝ እንደ ተወጠረ ገመድ ይርገበገባል፤ አንዱ ላይና ታች፣ ሌላው ግራና ቀኝ። የኮከቡ ብርሃን በየት በኩል እንደሚርገበገብ የሚለይ መስታወት ልሥራ አለ። ያን ያወቀ፣ ማንም ሄዶ በማያየው ኮከብ ዙሪያ ምን እንዳለ ይረዳልና።

ሁለት ዓይነት ማዕድን እያፈራረቀ፣ ከፀጉር በአሥር ሺህ እጅ በቀጠነ ንጣፍ፣ መቶ ጊዜ ደራረበ። አንዱ መስታወት ተላጠ። አንዱ አበጠ። አንዱን ባልደረባው አስነጥሶ አበላሸበት። በሰባተኛው ዓመት አንዱ ጸና።

ያን ጊዜ አለቃው መጡ። ሽማግሌ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውም አጭር ነበር፦ «ዛሬ ከሠራ ሮኬት ላይ ይጫናል፤ ካልሠራ በሩን እንዘጋለን።»

ባልደረቦቹ ላይና ታች ብቻ የሚርገበገብ ኤክስሬይ ለቀቁበት። ከመስታወቱ የሚመለሰውን የሚለካው ቆጣሪ ዘለለ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሱ ግን መስታወቱን ሩብ ዙር አዞረው። ቆጣሪው ወረደ፣ ወረደና ዜሮ ላይ ቆመ።

«ምን ነካህ አንተ! ደህና የሚሠራውን ነካክተህ ገደልከው!» አሉ አለቃው።

ሰውዬው እስክስታውን አስነካው። «ጌታዬ፣ አሁን ነው የሠራው! በሁለቱም በኩል ቆጣሪው ቢዘል ኖሮ ምን ይለይልን ነበር?» አለና መስታወቱን መልሶ አዞረው። ቆጣሪው እንደገና ዘለለ።

አለቃው አንዴ ቆጣሪውን፣ አንዴ ሰውዬውን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዜሮ ሰው ሲያስጨፍር ዛሬ ገና አየሁ!» መስታወቱም በዓመቱ ሰማይ ወጣ።

እንግዲህ ወለላ፣ ያንቺም ዜሮ እንደዚያው ሊሆን ይችላል። የእሱ ዜሮ የታመነው መስታወቱ ቀድሞ «አለ» ማለት ስለቻለ ነው። አንቺም መሣሪያሽን፣ የምትፈልጊው ነገር እንዳለ በምታውቂበት ቦታ ፈትኚው። እዚያ «አለ» ካለሽ፣ ሌላ ቦታ «የለም» ሲልሽ እመኚው። የታመነ ቃል ደግሞ ይጻፋል እንጂ አይጣልም። በይ ተነሺ፣ ሂጂና ፈትነሽ ጻፊው።