ልጆቹ በነጥብ አንቆም ያሉ ጊዜ

ስሙኝማ። ይህ የሆነው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ስልክ ለመደወል ፖስታ ቤት ሄዶ መሰለፍ በነበረበት ጊዜ። መምህርት ትርሲት ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምር ነበር። አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሯት፤ አርባ ሦስቱም መጻፍ ከጀመሩ አይቆሙም። አንዱ ድርሰት ሲጽፍ ከቤቱ ይነሳል፣ ገበያ ይወርዳል፣ በሬ ይሸጣል፣ አክስቱን ይቀብራል፤ ገጹ እስኪያልቅ ግን አንዲት ነጥብ አትታይም። ሰሌዳ ላይ አራት ነጥብ ጻፈችላቸው፤ ገለበጡ፣ ረሱ። ነጠላ ሰረዝ ጻፈችላቸው፤ ገለበጡ፣ ረሱ።

«ሕጉን በመገልበጥ ብቻ አይገባቸውም» ብላ አሰበች። «ጥሩ ልቦለድ ቢነበብላቸው ግን፣ ሰው የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚጠይቅ በጆሯቸው ይሰሙታል።» እሷም በልጅነቷ የገባት እንደዚያ ነበር። የፈለገችው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ያንን የትምህርት ቤቱን የቆየ፣ ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ ልቦለድ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ ወሰንየለህ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጽሐፉስ አለ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ። ቁልፉ ነው መቆለፊያው ውስጥ ተሰብሮ የቀረው።»

«ታዲያ እንስበረዋ፣ ጋሼ!»

«የመንግሥት ንብረት? እኔ ቆሜ እያየሁ? አናጢው ጋሽ ይመር መጥተው ያላቅቁት።»

ቁም ሣጥኑ አልከፈት አለ፤ መጽሐፉ አልወጣ አለ፤ ልጆቹም በነጥብ አንቆም አሉ።

ትርሲት ወደ ጋሽ ይመር ሄደች። ሽማግሌው ሥራ ፈተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«በምን እጄ ልምጣ፣ የኔ ልጅ? መዶሻዬም፣ መሮዬም፣ ጉጠቴም ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ዘነቡ ይዛዋለች።»

«እትዬ ዘነቡ? ባለቤትዎ?»

«እሷው። ተቀይማኛለች።»

ጋሽ ይመር አልመጣ አሉ፤ ቁም ሣጥኑ አልከፈት አለ፤ መጽሐፉ አልወጣ አለ፤ ልጆቹም በነጥብ አንቆም አሉ።

ወደ ጓዳ ዘለቀች። እትዬ ዘነቡ የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ልጄን እስኪመልስልኝ አንዲት ሚስማር አይነካትም!» አሉ። «ማንጠግቦሽ የፊታችን እሑድ ደሴ ላይ ልታገባ ነው። ይህ ሰውዬ ክፉ ደብዳቤ ልኮ አስቀየማት። እታረቃታለሁ ብሎ ቢሄድም በር አልከፈተችለትም። ደብዳቤውንም መልሳ ላከችው።»

«እኔ ክፉ አልጻፍኩም!» አሉ ጋሽ ይመር ከበረንዳው። «አጻፍኩ እንጂ፣ እኔ ፊደል መች አውቃለሁ!»

ማንጠግቦሽ አልታረቅ አለች፤ እትዬ ዘነቡ ሣጥኑን አልሰጥ አሉ፤ ጋሽ ይመር አልመጣ አሉ፤ ቁም ሣጥኑ አልከፈት አለ፤ መጽሐፉ አልወጣ አለ፤ ልጆቹም በነጥብ አንቆም አሉ።

ትርሲት ደብዳቤውን ተቀብላ ገለጠችው። «ሠርግሽን ሰማሁ እኔ አባትሽ አልመጣም ጋቢዬን አጣፍቼ ፊት አልቀመጥም እናትሽም እልል አትልም» ይላል። የትርሲት ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። ጽሕፈቱን አውቃዋለች፤ የጎረቤታቸው የከድጃ ነው። ከድጃ ደግሞ የእሷው ተማሪ ናት፤ ፊት ወንበር የምትቀመጠው።

በማግስቱ ጋሽ ይመርን ክፍል አስገባቻቸው። ደብዳቤውን ሰሌዳ ላይ እንዳለ ገለበጠችውና፣ «ጋሼ፣ ያኔ ለከድጃ እንዴት ብለው እንደነገሯት ይበሉልን» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሠርግሽን ሰማሁ። እኔ አባትሽ አልመጣም? ጋቢዬን አጣፍቼ ፊት አልቀመጥም? እናትሽም እልል አትልም?»

ድምፃቸው በየጥያቄው መጨረሻ ላይ ከፍ ይል ነበር። ከድጃ ብድግ አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ቲቸር፣ ለካ እየጠየቁ ነው! አልቀርም ማለታቸው ነው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!»

«ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች ትርሲት፣ ጠመኔውን እየሰጠቻት። «ነይ አስተካክይው።»

ከድጃ ሰሌዳው ላይ አንድ አራት ነጥብና ሦስት የጥያቄ ምልክት አኖረች። ከዚያ አዲስ ወረቀት ላይ ደብዳቤውን እንደገና ጻፈች፤ ምልክቶቹን ከመጫኗ የተነሳ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረው። ከሥሩም፣ «እህት ማንጠግቦሽ፣ የፊተኛውን ያበላሸሁት እኔ ከድጃ ነኝ። አባባ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገሩም» ብላ ጨመረች። የጠዋቱ የደሴ አውቶቡስ ሹፌር ይዞት ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት አውቶቡሱ ሲመለስ ማንጠግቦሽ ወረደች። በረንዳው ላይ አባቷን አየችና ሻንጣዋን መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች።

ማንጠግቦሽ ታረቀች፤ እትዬ ዘነቡ እልል እያሉ ከሣጥኑ ላይ ተነሡ፤ ጋሽ ይመር መዶሻና ጉጠታቸውን ይዘው መጡ፤ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ መጽሐፉ ወጣ።

ሠርጉ አልፎ ሰኞ ሆነ። ትርሲት ልቦለዱን ክፍል ውስጥ ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንሽ ታርፋለች፤ አራት ነጥብ ላይ ትቆማለች፤ ሲጠየቅ ድምጿን ታነሳለች። ቀጥሎ ልጆቹ በየተራ አነበቡ። አርባ ሦስቱም በነጥብ ቆሙ፤ ማንም ሳይነግራቸው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

ጋሽ ይመር የክፍሉን በር ማጠፊያ አጠብቃለሁ ብለው መጥተው ነበር። ማጠፊያው ከጠበቀ ቆይቷል። ሰውዬው ግን መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ወንበር አልተነሱም። የመጽሐፉ ሰው ወንዝ ሊሻገር ሲል ደወል ተደወለ፤ ትርሲትም መጽሐፉን ልትዘጋ ቃጣች።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ይመር።

ከልጆቹ አንድም የተነሣ አልነበረም። ትርሲት ሳቀችና ቀጣዩን ገጽ ገለጠች።