ቁልቁለቱን ያልተለማመደችው እጩ መኮንን

አንድ ተራራ ሥር በምትገኝ ትንሽ ከተማ አንጓች የምትባል ወጣት ትኖር ነበር። የፈተና ውጤቷ ጥሩ ስለነበረ ለጦር አካዳሚ ታጨች። የጥሪው ደብዳቤ ግን መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እጩዎች ከሦስት ወር በኋላ የአካል ብቃት ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናውን ያላለፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

አንጓች ከልጅነቷ ጀምሮ መኮንን ከመሆን ሌላ የተመኘችው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሳት ማግሥት አሥራ አምስት ኪሎ አሸዋ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከታ፣ በገመድ ጀርባዋ ላይ አሰረችና ተራራውን መውጣት ጀመረች።

ተራራው ጫፍ ላይ የስልክ አንቴናና ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ። በመጀመሪያው ቀን ስትወጣ ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ በእግሯም ወረደች። በማግሥቱ ጭኖቿ እንደ እንጨት ደርቀው ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ አቃታት። ስትወጣ ይህን ያህል አላመማትም፤ ያመማት ስትወርድ ነው። «ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳል ማለት ነው» ብላ አሰበች።

በሦስተኛው ቀን ጫፍ ላይ ደርሳ ስታርፍ፣ ከካባው ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ ከማል የሚባል የሠፈሯ ሰው ነው።

«አንጓች! አሸዋ ወደ ላይ የሚጫነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት እየሳቀ። «በይ ግቢ፣ ላውርድሽ። ነገ ጄኔራል ስትሆኚ ግን ኬላ ላይ እንዳታስፈትሺኝ።»

ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሯ እየወጣች በመኪና መውረድ ልማዷ ሆነ።

ተራራው ግርጌ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮችና ሊስትሮዎች መጀመሪያ ላይ ቀለዱባት። «ኮማንዶ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላሉ። «እህት፣ አሸዋው ኪሎው ስንት ነው?» ይላል ሌላው። ከወር በኋላ ግን ቀልዱ ቀረና በስልካቸው ሰዓት ይይዙላት ጀመር። ጫፍ ደርሳ ሻርፗን ስታውለበልብ ከታች ያጨበጭባሉ። «ዛሬ አምሳ ሁለት ደቂቃ!» ይባባላሉ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በአርባ አራት ደቂቃ ገባች። በከተማዋ እንደ እሷ የሚወጣ ሰው ጠፋ።

አንቴናውን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሌሊቱን ጠብቀው ጠዋት በከዘራ ሲወርዱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያገኟታል። አንድ ቀን አስቆሟት።

«ልጄ፣ ስትወጪ በየቀኑ አይሻለሁ። ስትወርጂ ግን አይቼሽ አላውቅም።»

«በከማል መኪና ነው የምወርደው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያ ቀን በእግሬ ወርጄ ጭኔን አሞኝ ነበር። ደግሞስ መውረድ ማንን ያቅታል? ድንጋዩም እኮ ይወርዳል!» ብላ ሳቀች።

ሃምሳ አለቃው አልሳቁም። «ድንጋይ ሲወርድ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይጨነቅም» አሏት። «አየሽ፣ የወጣ እግር ሁሉ መውረድ አይችልም። ያን ቀን ያመመሽ እግርሽ ሥራውን ስላልለመደው ነው። ብታስለምጂው ሕመሙ ይተውሽ ነበር። አንድ ወር ቀርቶሻል፤ ከነገ ጀምሪ።»

«እሺ ጋሼ» አለች፤ ከልቧ ግን አልነበረም። ጫፍ ላይ ደርሳ የከማልን ክላክስ ስትሰማ ሮጣ ገባች። በማግሥቱም እንዲሁ።

ሦስት ወሩ አለቀና አንጓች ወደ አካዳሚው ሄደች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሩጫውንም ፑሽ አፑንም በቀላሉ አለፈች። በመጨረሻው ቀን ስልሳ እጩዎች አሸዋ ተሸክመው አንድ ትልቅ ተራራ እንዲወጡ ታዘዙ። ሁሉንም ቀድማ ጫፍ ላይ ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ ምትኩ የሚባል ዝምተኛ ወጣት፣ ከዚያም ሐዋ የምትባል ቀጭን፣ ወሬ የማይሰለቻት ልጅ ደረሱ።

ጫፍ ላይ ፈታኙ ሻምበል ቃሬዛ ደርድረው ይጠብቁ ነበር።

«አሸዋውን አራግፉ» አሉ። «ከዚህ በኋላ የምትሸከሙት ሰው ነው። በደረሳችሁበት ተራ ሦስት ሦስት ትሆናላችሁ፤ ሁለታችሁ ትይዛላችሁ፣ አንዱ እንደ ቁስለኛ ይተኛል። መድረሻችሁ ታች ያለው ድልድይ ነው።»

አንጓች ደነገጠች። ግን ሥር ያለው ድልድይ ቅርብ ይመስላል፤ ደግሞም አንደኛ ናት።

«እኔ ልተኛ፣ ቀላል ነኝ» አለች ሐዋ፣ ቃሬዛው ላይ እየወጣች። «ጠዋት አንድ ዳቦ ብቻ ነው የበላሁት። ግን አደራ! እኔ ዘንድሮ ካላለፍኩ ዕድሜዬ ከገደቡ ያልፋል። እንደ አሸዋችሁ እንዳታራግፉኝ።»

ሦስቱም ሳቁ። አንጓች ከፊት፣ ምትኩ ከኋላ ይዘው መውረድ ጀመሩ።

የመንገዱን ሲሶ እንኳ ሳይሄዱ የአንጓች ጭኖች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መንቀጥቀጡን ለማቆም ሞከረች፤ ጭኖቿ አልታዘዝ አሏት። እግሯን ባሳረፈች ቁጥር የሐዋና የቃሬዛው ክብደት ከኋላ ይገፋታል።

«እህቴ፣ እናሳርፋት?» አላት ምትኩ።

«ቀጥል! ደረሱብን እኮ!»

«እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

«ቀጥል አልኩህ!»

ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቀኝ ጉልበቷ ታጠፈ። የቃሬዛው እጀታ ከእጇ አመለጠ። ሐዋ ተንከባልላ ከቋጥኝ ጋር ስትጋጭ ክንዷ ተሰበረ። የጮኸችው ጩኸት ጫፍ ላይ ካሉት ዘንድ ሳይቀር ተሰማ።

ሐዋን የሕክምና ድንኳን ውስጥ አስገቧት። ሻምበሉ አንጓችንና ምትኩን ከድንኳኑ ውጭ አቁመው ጠየቁ።

«ምን ተፈጠረ?»

ምትኩ ቀደመና «ድንጋይ ተንከባሎ ነው፣ ሻምበል። መንገዱ ያዳልጥ ነበር» አለ።

«ድንጋይ ነው?» አሉ ወደ አንጓች ዞረው።

አንጓች ዝም አለች።

«እንግዲያው ማንም አላጠፋም። ሁለታችሁ ትቀጥላላችሁ። ሐዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በአደጋ የተጎዳ እጩ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይወዳደራል፤ ደንቡ ይህ ነው።»

«እሷ እኮ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ...» አለች አንጓች።

«አውቃለሁ። የያዛት ሰው ጥሏት ቢሆን ኖሮ እስክትድን ቦታዋ ይጠበቅላት ነበር፤ ቦታውን የሚለቀው የጣላት ሰው ይሆን ነበር። እናንተ ግን ድንጋይ ነው አላችሁ።»

ምትኩ አንጓችን አይቶ በትንሹ ራሱን ነቀነቀ። ዝም በይ ማለቱ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ስላዘነላት ነው። አንጓችም እናቷን አሰበች። ያንን ሁሉ ማለዳ አሰበች። የባጃጅ ሾፌሮቹ ምን ይሉኛል አለች። ከምትኩ በቀር ጉልበቷ ሲታጠፍ በትክክል ያየ ሰው አልነበረም፤ ሐዋም በጀርባዋ ተኝታ ሰማይ ሰማዩን ነበር የምታየው። ዝም ብትል መኮንን ትሆናለች።

በዚህ መካከል ከድንኳኑ ውስጥ የሐዋ ድምፅ ተሰማ። «ዶክተር፣ እስከ ነገ ይድናል?» ትላለች። ሐኪሙ የመለሰላት ነገር አልተሰማም። እንደገና «እስከ ከነገ ወዲያስ?» አለች።

አንጓች አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

«ድንጋይ አልነበረም፣ ሻምበል። የእኔ ጉልበት ነው የከዳኝ። ምትኩ እናሳርፋት ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመድኩት አቀበት ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በመኪና ነበር የምወርደው።»

ሻምበሉ መዝገባቸውን አወጡ። «የነገረሽ ሰው አልነበረም?»

«ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን አልሰማሽም?»

«ስወጣ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኛል። ስወርድ ማንም አያየኝም። ደግሞም ያመኝ ነበር።»

ሻምበሉ መዝገባቸውን ከፍተው ጻፉ። ድምፃቸው የቁጣም የርኅራኄም አልነበረም። «ቦታሽን ለቀሻል። የሐዋ ቦታ ይጠበቃል። አንቺ ዕድሜሽ ስለሚፈቅድ ለከርሞ መወዳደር ትችያለሽ፤ ግን እንደማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው ነው። ማንም ቃል አይገባልሽም።»

«እሺ፣ ሻምበል» አለች።

ከመሄዷ በፊት ሐዋን ልትሰናበት ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሐዋ ክንዷ ታስሮ ተቀምጣለች፤ ሁሉንም ነግረዋታል። አንጓች አጠገቧ ተቀመጠች።

«አልተቀየምኩሽም ብልሽ ውሸት ነው» አለች ሐዋ። «በጣም ያመኛል። ጥለሽኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ድንጋይ ነው ብለሽ ብትሄጂ ኖሮ፣ ያንን ምንም ያላደረገኝን ድንጋይ ዕድሜ ልኬን ስረግም እኖር ነበር።» በደህናው እጇ እንባዋን ጠረገች። «ለከርሞ ነይ። ያኔ እኔ ነባር ነኝ። ስትመጪ እንደማልራራልሽ ግን ካሁኑ እወቂው።»

አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ብዙዎቻችን ስንዘጋጅ የምንለፋው ሰው በሚያይልን በኩል ነው። የሚያመውንና የማይጨበጨብለትን በኩል እንዘለዋለን። የዘለልነው ነገር ግን ጠፍቶ አይቀርም፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው ተሸክመን ሳለን ፊታችን ይመጣል። ያን ቀን የሚሰበረው የእኛ ክንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ራስን ማጠንከር የራስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ድክመታችን እኛን ባመኑ ሰዎች ላይ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ደግሞ በድንጋይ ከማሳበብ እውነቱን ተናግሮ ቦታ መልቀቅ ይሻላል፤ ሌላው ቢያንስ የራሱን ቦታ አያጣም።

እናንተስ፣ የሚያይ ስለሌለ ብቻ የዘለላችሁት ልምምድ የትኛው ነው? እሱ በሚያስፈልግበት ቀን እጃችሁ ላይ የሚተኛውስ ማን ይሆን?