የወፍጮ ቤቱ ተራ

አንድ ገበሬ ነበረ። ተቀመጥና ስማኝ እንጂ፤ ቆመህ ጠይቀህ፣ ቆመህ መልስ ይዘህ ልትሄድ ነው? አንድ ገበሬ ነበረ እያልኩህ ነው።

«የኔታ፣ ሰው ሲከብር ለሰው ያለው አያያዝ ይለወጣል ወይ?» ብለኸኛል። በዚህ ጾም ብቻ ይህን ጥያቄ ይዞ የመጣ አንተ አራተኛው ነህ፣ ሞላልኝ። አራታችሁም ስለ ሀብት ልትማሩ አልመጣችሁም። አንድ የከበረ ዘመድ አላችሁ፣ አስቀይሟችኋል፣ እኔ ደግሞ «አዎ፣ ሀብት አበላሽቶት ነው» እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። ያንተው አማችህ ነው፤ ሰላምታ ነሣኝ ነው የምትለው። ይሁን። ደክሞኛል፣ ግን እነግርሃለሁ። ሳታቋርጠኝ ስማ።

ገበሬው ድኻ ነበር። ሚስቱ ወገቧን ስለምትታመም እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እሱ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከመንደሩ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። እዚያ የሚሰለፉት ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ወንድ እሱ ብቻ ነው። የዚያ ወፍጮ ባለቤት ደስ ያለውን ያስቀድማል፣ ደስ ያላለውን ያቆያል። ገበሬውን ሁልጊዜ ያቆየዋል። ሴቶቹ ያዝኑለትና ከቋጠሩት ቆሎ ይዘግኑለታል፤ እሱም ስልቻቸውን ከአህያ ላይ ያወርድላቸዋል፣ መልሶ ይጭንላቸዋል። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ፣ «እኔ ወፍጮ ቢኖረኝ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል፣ በቃ» ይላት ነበር።

ማንም የማይፈልጋት ድንጋያማ ገደል ነበረችው። ባሕር ዛፍ ተከለባት፤ ሰው ሳቀበት። ከዓመታት በኋላ በከተማ ግንባታ በዛ፣ እንጨት ተወደደ፣ ነጋዴዎች መኪናቸውን ይዘው ገደሏ ሥር ድረስ መጡ። ገበሬው ዛፉን ሸጠና በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ገዛ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ አውራ መንገዱ ዳር ተከለው፤ ቆርቆሮ ቤትም እዚያው ሠራ። አገሩ ተደሰተ። ግማሽ ቀን መንገድ ቀረላቸዋ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ቃሉ ሆነ። ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና ስልቾቹን በየአመጣጣቸው በገዛ እጁ ይደረድራል። «ያንቺ ከዚች ቀጥሎ ነው፣ ያንቺ ከዚያች» ይላል። የሁሉንም ስም ያውቃል። ማን አራስ ልጅ እንዳላት፣ ማን ከብቶቿን ሜዳ ላይ ትታ እንደመጣች ያውቃል።

አንድ ቀን በአገሩ የሚከበር አንድ ባለበቅሎ ሰው አምስት ጆንያ አስጭኖ መጣ። ገበሬው፣ «ጌታዬ፣ ከነዚህ ሴቶች በኋላ ነዎት» አለው። ልብ በል፤ ሰውየው ራሱ አልተቆጣም። የተቆጡት የተሰለፉት ናቸው። «ምነው፣ እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው ታቆማለህ? ይለፉ እንጂ!» አሉት። ገበሬው አፈረ፣ አሳለፈው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚስቱን ዘመዶች አሳለፈ፤ ማንም አልተናገረውም። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያልፍ የሚያውቅ ጠፋ።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ገበሬው ብቅ ሲል ሰው ብድግ ማለት ጀመረ። ተነሡ ብሎ ያዘዘ የለም። ቀልድ ሲናገር፣ ቀልዱ እንኳ ባያስቅ፣ ይስቁለታል። አብሮ አደጎቹ «አንተ» ሲሉት የነበሩት «እርስዎ» ይሉት ጀመር። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ሳቀ፤ «ምን ነካችሁ?» አላቸው። ሁለተኛ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ «አንተ» የሚለው ሰው ቢያጋጥመው ቅር ይለው ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ማን ነው? እኔ እስኪሰለቸኝ እንዲህ ያለውን ነገር አይቻለሁ። እኛው እናነሣዋለን፣ እኛው እናጎነብስለታለን፣ ከዚያ እኛው «ሀብት ለወጠው» ብለን ወደ የኔታ እንሮጣለን።

እንግዲህ አንድ ጎልማሳ ቀጠረና ወፍጮውን ለሱ ተወለት። እሱ በጓሮ ባለው ቤት ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል። ሰልፉን አያይም፤ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል። «ይህ ሕዝብ ትዕግሥት የለውም» ይላል። ክፉ ሰው ሆነ ብለህ እንዳታስብ። ለበዓል በሬ ጥሎ ሰፈሩን ያበላል። የሞተበት ካለ በግ ይልካል። ድኻ ሳለ ከሰጠው እጅግ የበለጠ ይሰጣል፤ እሱም ራሱን ቸር ሰው አድርጎ ነው የሚያየው።

አንድ ሰሞን አንዲት ሴት አንድ ስልቻ ጤፍ ይዛ መጣች። ባሏ ሞቶባታል፣ ቅዳሜ አርባው ነው፣ ለተዝካሩ ዱቄት ያስፈልጋታል። ሰኞ መጣች፣ አልደረሳትም። ማክሰኞ መጣች፤ ፊት ሆና ሳለች የአንድ ነጋዴ አህዮች ደርሰው ጭነታቸው ቀደማት። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ ሰልፉን ትታ ወደ ጓሮው ቤት ሄደች፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለች። «የባለቤቴ አርባ ደርሶብኛል።»

ገበሬው ከእንግዶቹ ጋር እየበላ ነበር። ዐይኑን ከገበታው ላይ አላነሣም። ሚስቱን፣ «ከኛ ዱቄት አንድ ቁና ሙሉ ስፈሪላት» አላት።

ሚስቱ ሰፍራ ይዛ ስትወጣ ሴትዮዋ እጇን አልዘረጋችም። «ዱቄት አልለመንኩም» አለች። «እህል አለኝ። የጠየቅሁት ተራዬን ነው።»

«የሚያንሳት ከሆነ ይጨመርላት» አለ ገበሬው። አሁንም ቀና አላለም።

ሴትዮዋ ስልቻዋን አዝላ ሄደች። ቁናው ደጃፉ ላይ ቀረ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ገበሬው ተናደደ። «የተፈጨ ሰጠኋት። እጨምራለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ኩራት አይቼ አላውቅም» አለ።

ሚስቱ፣ «ማን መሰለችህ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከሚሰለፉት አንዷ ናት።»

«አንጓች ናት» አለችው። «አሥራ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን፣ ያቺ አንጓች። እኔ ስታመም ውኃ ስትቀዳልን የነበረችው። ባሏ ሲሞት ሥራ በዝቶብኛል ብለህ በግ ላክህላት። ድምፅዋን እንኳ አልለየኸውም?»

 አንተ አሁን፣ «እግሯ ሥር ወድቆ ይቅርታ ጠየቃት» እንድልህ ትጠብቃለህ። የለም። ምን እንዳደረገ ልንገርህ? በነጋታው አንድ አህያ ሙሉ ዱቄት ጭኖ ላከላት። ሴትየዋ ዱቄት አልለመንኩም ብላው ሳለ ዱቄት ላከላት! አንተም «ቢሆንም መላኩ ደግ ነው» ልትል ነው፤ ከፊትህ አየዋለሁ። የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ ብለውኛል።

አንጓች አህያውን ከነጭነቱ መለሰችው። የመንደሩ ሴቶች ተሰበሰቡና ሐሙስንና ዓርብን ጤፉን በእጅ ወፍጮ ፈጩላት። የብዙዎቹ እጅ ከድንጋይ ጋር ከተለያየ ዓመታት ሆኖት ስለ ነበር መዳፋቸው ተላጠ። ዱቄቱም ሻከረ።

ቅዳሜ ገበሬው ወደ ተዝካሩ ሄደ። ሚስቱ ናት «ካልሄድክ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» ያለችው። ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ገና ብቅ ከማለቱ የተቀመጠው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ከካህናቱ አጠገብ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን ደግፈው ይነሡለት ጀመር።

አንጓች ወጥ ይዛ መሐል ቆማ ነበር። «አይነሡ፣ አባባ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ገበሬው ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንተ ከኋላ ነው የመጣኸው። እዚያ ከመግቢያው አጠገብ ቦታ አለ፣ ተቀመጥ።»

 «አንተ» ብላዋለች። በሰው ፊት እንዲህ ከተባለ ስንት ዘመን ሆኖታል። ገበሬው ፊቱ ተቃጠለ። ሊወጣ አሰበ። ሚስቱ ግን ቀድማው ሴቶቹ ዘንድ ሄዳ ተቀምጣለች። እሱም ሄዶ ከመግቢያው አጠገብ ተቀመጠ።

አጠገቡ ከሩቅ አገር የመጣ የሟች ዘመድ ነበር፤ ገበሬውን አያውቀውም። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። እንጀራው ሲቀርብ ቆርሶ ቀመሰና፣ «ሻክሯል አይደል? በእጅ የተፈጨ ነው» አለው። «ወፍጮ ያለው ሰው ሦስት ቀን አመላልሷት ነው አሉ። አንተ የዚህ አገር ሰው ትመስላለህ፤ ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«ድሮ አውቀው ነበር» አለ ገበሬው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ገበሬው እንጀራውን ይዞ አቀረቀረ። ያ እንግዳም ገበሬው የሟች ወዳጅ መስሎት፣ «አይዞህ፣ ብላ» እያለ አጎረሰው።

ሰኞ ጠዋት ገበሬው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ስልቾቹን በየአመጣጣቸው ደረደረ። የብዙዎቹን ስም ረስቶት ስለ ነበር እያፈረ ጠየቃቸው። ያ ባለበቅሎ ሰው ጭነቱን አስከትሎ ሲመጣ፣ «ጌታዬ፣ ከነዚህ በኋላ ነዎት» አለው። የተሰለፉት ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «ገንዘብ ሲያገኝ ትልቅ ሰው ናቀ» አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ። ቢያሳልፈው ሀብት ለወጠው፣ ባያሳልፈውም ሀብት ለወጠው።

አሁንም አንዳንድ ቀን ይረሳዋል ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ ይገባል፣ ሚስቱም ጠርታ ታወጣዋለች። አንጓች ግን እዚያ ወፍጮ ዳግመኛ አልሄደችም። ግማሽ ቀን እየተጓዘች ሌላ ቦታ ታስፈጫለች። ይቅርታ ጠይቋት ይቅር ብላዋለች፤ እህሏን ግን አልመለሰችለትም።

እንግዲህ ሞላልኝ፣ ጥያቄህ ይህ ነው። ሰው ሲከብር አያያዙ ይለወጣል ወይ? ይለወጣል። አንተ እንዳሰብከው ልቡ ጠቁሮ አይደለም። የከበረ ሰው ተራ መጠበቅ ይቀርለታል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ተራ የማይጠብቅ ሰው ከፊቱም ከኋላውም ማን እንደቆመ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ሳያይ ይሰጣል፣ ሳያይ ይነሣል፣ ሁለቱም አንድ ይሆኑበታል። ለዚህ ደግሞ ወፍጮ መግዛት አያስፈልግም። ከአንድ ሰው አንድ እርምጃ ከፍ ማለት ይበቃል።

ስለ አማችህ የምነግርህ ይመስልሃል። አማችህ ራሱ መጥቶ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ። እኔ አሁን የማነጋግረው አንተን ነው። አንተ ሱቅ አለህ። ቤትህ የምታገለግልህ ሴት አለች፤ ከገባች ስንት ዓመቷ ነው? ስድስት? ጥሩ። ለበዓል ልብስ ትገዛላታለህ፣ ደመወዟን አታስቀርባትም፤ ሰምቻለሁ፣ ቸር ነህ።

የአባቷ ስም ማን ነው?

እጠብቅሃለሁ፣ አትቸኩል።

እናቷስ በሕይወት አለች? ከወዴት አገር ነው የመጣችው?

በል ተነሣ። እኔን መጠየቅህን ተውና ቤትህ ሄደህ እሷን ጠይቃት። ስትነግርህ ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማት።