መጨረሻው ስንት ነው?

አንድ ጣሪያ ሠሪ ነበር። ቆርቆሮ የሚመታ፣ የሚያፈስ ቤት የሚጠግን ሰው። ስሙን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን «ይንገሩት፣ ምን አፍራለሁ!» ስላለኝ እነግራችኋለሁ። አበጋዝ ይባላል።

አበጋዝ ኪሱ ውስጥ ሜትር አለው። ታዲያ ወደ አንድ ቤት ሲጠሩት መጀመሪያ ሜትሩን የሚያወጣ ይመስላችኋል? አያወጣም! መጀመሪያ የግቢውን በር ያያል። ብረት ነው ወይስ የዛገ ቆርቆሮ? ከዚያ መኪና መኖሩን ያያል። ከዚያ መጋረጃውን። ከዚያ የባለቤቱን ጫማ። ኧረ ለመሆኑ ጫማ ለጣሪያ ምኑ ነው? ምኑም አይደለም! ዋጋው ግን እዚያው ጫማው ላይ ያልቃል። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ለይስሙላ ነው፤ ሰውየውን ለክቶ ጨርሷል።

«አይ ክፉ ሰው!» አላችሁ አይደል? ቆዩ እስቲ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ አትለክኩ። የባለቤቶቹንም ጉድ ስሙ።

አንዲት ወይዘሮ ቤቷ አፈሰሰባትና አበጋዝን ጠራችው። እንደሚመጣ ስታውቅ ምን አደረገች? መኪናዋን ጎረቤት ግቢ አስገባች። የዘበኛዋን ሚስት ነጠላ ተዋሰች፤ ያውም የተቀደደውን! በር ላይ ቆማ «አዬ ልጄ፣ እኛ እኮ ጡረተኞች ነን» አለችው። አበጋዝ ደግሞ ዓይን አለው። ጭቃው ላይ የጎማው ዱካ ገና አልደረቀም። ዱካውን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ በሆዱ ሳቀና ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ነገራት። ለምን እጥፍ? በግማሽ እንደምትቆርጠው ያውቃላ! እሷስ ለምን በግማሽ ቆረጠች? እጥፍ እንደጨመረባት ታውቃላ!

ሁለቱም ያውቃሉ እኮ፣ ወገኖቼ! እሱ «ልጆቼን ይንሳኝ» ይላል፤ እሷ «ማርያምን!» ትላለች፤ እንዲህ ሲማማሉ ግማሽ ቀን ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚደርሱት ሁለቱም ገና ከጠዋቱ በልባቸው የያዙት ዋጋ ላይ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ መሐላ ለምን አስፈለገ? የልጆቹ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ ለቆርቆሮ?

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አበጋዝ ተከትሎኝ መጣ።

«አባቴ፣ ደከመኝ» አለኝ።

«ሥራው ነው?»

«ሥራውማ ምን አለው። መዋሸቱ ነው እንጂ። ትናንት ሴትዮዋ ፊት ልጆቼን ይንሳኝ ብዬ ማልኩ። ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟታል። ግንባሯን እየዳሰስኩ፣ ስንት ጊዜ በእሷ እንደማልኩ ልቆጥር ብል አቃተኝ።»

እኔ ምን አልኩት? ምክር ለመስጠት ማን ይቀድመኛል! «አንድ ዋጋ ተናገር፤ ጣሪያውን ለካ፣ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን አስላ፣ የድካምህን ጨምር፣ ንገራቸው፣ አትማል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኩት። መስቀል አሳልሜ ሸኘሁት። ምን አለብኝ? እኔ ጣሪያ አልሠራ!

ልጅቷ ዳነች፤ እሱም ያልኩትን አደረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ በር አያይም፣ ጫማ አያይም። ቀጥ ብሎ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ ይለካል፣ ይወርዳል፣ አንድ ዋጋ ይናገራል። «መጨረሻው ስንት ነው?» ይሉታል። «መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው» ይላል።

ደስ አላቸው? ኧረ ወዲያ! አንዱ «ትዕቢተኛ ነው» አለ። ሌላው ዋጋው ሲያንስበት «ምን ጉድ ቢኖርበት ነው?» ብሎ ጠረጠረ። ያቺ ወይዘሮ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ እየደወለች «እሱን አትጥሩት፣ ሰው አያከብርም» አለች። አያከብርም! ሰውየው መዋሸት ስለተወ ንቀት ሆነበት!

ክረምቱ ተቃረበ። ጣሪያ ሠሪ ምሳ የሚበላበት ጊዜ የሚያጣው ያን ሰሞን ነው። አበጋዝ ግን ቤቱ ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ መሰላሉን ሸጠ። ጣሪያ ሠሪ መሰላሉን ከሸጠ ምን ቀረው?

መጣና «አባቴ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ልጆቼ ግን ምክር አይበሉም» አለኝ። አፈርኩ። ብቻ «አይዞህ፣ የአዳራሹን ጣሪያ ልናሠራ ነው፤ ናና ዋጋህን ንገረን» አልኩት።

ይኸን አዳራሽ ነው የምላችሁ። አሁን የተቀመጣችሁበትን።

ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ስም አልጠራም፣ አትደንግጡ። ሁለት ሠሪዎች መጡ። አበጋዝ በሰው መሰላል ወጣ፣ ለካ፣ ወረደ፣ አንድ ዋጋ ተናገረ። ያኛው መሬት ላይ እንደቆመ ቀና ብሎ አየና ከአበጋዝ እጥፍ ጠራ። «መጨረሻው ስንት ነው?» አልነው፤ ቀነሰ። «ለእግዚአብሔር ቤት እኮ ነው» አልነው፤ ደግሞ ቀነሰ። ቀንሶ ቀንሶ ከአበጋዝም በታች ወረደ። እኛ ደግሞ ጀግኖች ነን፣ አጨበጨብን!

ከዚያ ወደ አበጋዝ ዞርን። «አንተስ?»

«እኔ የምቀንሰው የለኝም። ከዚህ ከወረድኩ ከቆርቆሮው ነው የምሰርቃችሁ» አለ። ይህን ሲል ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። አንድ ዋጋ ተናገር ያልኩት እኔ ነኛ። አንዲት ቃል ከእኔ ጠበቀ።

ማን መለሰለት መሰላችሁ? እኔ! ይኸው ቆሜ የማስተምራችሁ ሰው! «አበጋዝ ልጄ፣ ለበረከት ብለህ ትንሽ አስተያየት አድርግ እንጂ» አልኩት።

እሱ ሜትሩን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ያኛው ታዲያ ያን ሁሉ ከየት ቀነሰው? ከቆርቆሮው ነዋ! ስስ ቆርቆሮ፣ ጎማ የሌለው ሚስማር። እዚያ ጥግ ያለውን ባልዲ ለጌጥ ያስቀመጥነው ይመስላችኋል? ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማችሁት አይደል? እትዬ ስንዱ፣ ጠጋ ይበሉ፣ ነጠላዎ ላይ እየወረደ ነው።

«በዚህ ዘመን ሐቀኛ ሠራተኛ ጠፋ» ትላላችሁ። ሁልጊዜ ትላላችሁ፤ ሰልችቶኛል! ማን አጠፋው? መጣ እኮ! በራችሁን አንኳኳ! «ጌታ ሆይ፣ ታማኝ ሰው ስጠን» ብላችሁ ትጸልያላችሁ፤ ሲሰጣችሁ «መጨረሻው ስንት ነው?» ትሉታላችሁ። የሚዋሻችሁን አሸነፍነው ብላችሁ ተደስታችሁ ታስገቡታላችሁ፤ የማይዋሸውን በረሃብ ትቀጡታላችሁ። ከዚያ ደግሞ ልጆቻችሁን «አትዋሹ» ትላላችሁ። ልጁ እኮ መኪናው ጎረቤት ግቢ ሲገባ አይቷል!

እናንተም ልብስ የምትሰፉ፣ መኪና የምትጠግኑ፣ ግንብ የምትገነቡ፣ አትሳቁ። ሥራውን ለኩ እንጂ ሰውን አትለኩ። የሰው ልኩ በጫማው አይታወቅም።

ትናንት አበጋዝ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እንደ ድሮው ጫማ ማየት ጀምሯል። ልጆች አሉት፣ ምን ያድርግ? «አዳራሹ እያፈሰሰ ነው፣ ናና እይልን» አልኩት። እየሳቀ «አባቴ፣ ጣሪያውን ለክቼ ልንገርዎ ወይስ ጫማዎን አይቼ?» አለኝ። ሳቁ አንጀቴን በላው።

«ጣሪያውን» አልኩት። «እሺ፣ ለአንድ ጊዜ» አለኝ። ሰማችሁ? ለአንድ ጊዜ። ከዚህ በኋላ እኛን አያምነንም።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰው መሰላል ይመጣል። ይወጣል፣ ይለካል፣ ይወርዳል፣ አንድ ዋጋ ይናገራል። ሰበካ ጉባኤውም፣ እናንተም፣ ሁላችሁ መጥታችሁ እዚህ ቁሙ። ሲናገር «እሺ» በሉት። ሌላ አትጨምሩ። «እሺ» ማለት ከከበዳችሁ አፋችሁን በነጠላችሁ ያዙ፤ እኔም የራሴን እይዛለሁ። ከመካከላችን አንድ ሰው «መጨረሻው ስንት ነው?» ካለ ግን፣ ባልዲውን አታንሡት። ሁለተኛ ባልዲ አምጡና አጠገቡ አስቀምጡ።