አቶ ወንድይፍራው «ይድገሙኝ» ያሉ ዕለት

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የአንዲት ጉርሻ ሱሺ ነገር ነው።

አቶ ወንድይፍራው ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል። ልጃቸው ትርሲት ገንፎ ብታገነፋ፣ ክትፎ ብታቀርብ፣ አንድ ሁለቴ ጎረስ ያደርጉና «በቃኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። ሱሪያቸው ሰፋ፤ የኮታቸው ትከሻ ወረደ። ትርሲት የምታደርገው ቢጠፋት፣ አንድ እሑድ ለምሳ ቦሌ ወዳለ ሱሺ ቤት ወሰደቻቸው። አንዴ ከፍለው እስኪጠግቡ የሚበሉበት ቤት ነው።

«እኔን እዚህ ማምጣት ለቤቱ ባለቤት ነው የሚጠቅመው» አሉ አባት።

«ቅመስልኝ ብቻ፣ አባዬ» አለች ልጅ።

ዓሣው በሩዝ ተጠቅልሏል፤ ሩዙ በጥቁር ስስ ቅጠል ተጠቅልሏል። አቶ ወንድይፍራው በእጃቸው አንስተው፣ አገላብጠው አይተው፣ ጎረሱት። አኘኩት። ዋጥ አደረጉና፣ «እስቲ ይቺን ይድገሙኝ» አሉ።

ትርሲት ጆሮዋን አላመነችም። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ ምግብ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። እጇን አውጥታ አስተናጋጇን ጠራች።

«ትሪው ላይ የነበረው አልቋል፤ ዛሬ ሰው በዝቶብናል» አለች አስተናጋጇ ሃዊ። «ሼፉ ካልጠቀለለ ምን አመጣለሁ?»

ትርሲት ተነሥታ ወደ ሼፉ ሄደች። ሼፉ ሙኒር ቢላዋውን እየወለወለ ቆሟል።

«ዓሣው አለ» አላት፤ «ያለቀው ሩዙ ነው። ያለ ሩዝ ምኑን ልጠቅልልልሽ?»

አስተናጋጇ ያለ ሼፉ አላመጣም አለች፤ ሼፉ ያለ ሩዙ አልጠቀልልም አለ። አቶ ወንድይፍራውም ይጠብቃሉ።

ሩዙስ? ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ተጥዷል፤ ግን ገና ሳይፈላ መብራት ሄዷል።

«ጀነሬተር የላችሁም?» አለች ትርሲት።

«አለን እንጂ» አለ ሙኒር። «ዘበኛው ነው የሚያስነሣው። ምን እንደያዘው እንጃ፣ እስካሁን ዝም ብሏል። ጓሮ ታገኚዋለሽ።»

አስተናጋጇ ያለ ሼፉ አላመጣም አለች፤ ሼፉ ያለ ሩዙ አልጠቀልልም አለ፤ ሩዙ ያለ ጀነሬተሩ አልበስልም አለ፤ ጀነሬተሩ ያለ ዘበኛው አልነሣም አለ። አቶ ወንድይፍራውም ይጠብቃሉ።

ዘበኛው ጋሽ ኡርጌሳ ጀነሬተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነዳጁን ሞልቼዋለሁ» አሉ። «ግን እዚህ ፎቅ ላይ ሕፃን ልጅ ያላት አንዲት እናት አለች። ‹ልጄን ላስተኛ፣ ትንሽ ይታገሡኝ› ብላ ለመነችኝ። እሺ ብያታለሁ። እሷ ሳትፈቅድ አልነካውም።»

ትርሲት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። በሩን የከፈተችላት ስምረት የምትባል ወጣት እናት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ክንዷ ላይ ያለው ልጅ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ሊዘጋ ደርሷል።

«ጥርስ እያወጣ ነው» አለች ስምረት። «አንዴ ከተኛ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። ሊተኛ ሲል ነው ትንሽ ኮሽታ የሚያባንነው። ይተኛልኝና የፈለጉትን ያስነሡ።»

«ምን ቢደረግ ይተኛል?»

«የለመደው አባቱ ደረት ላይ ነው። አባቱ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አሁን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እኔን እሺ አይለኝም።»

ትርሲት ልሞክር ብላ ተቀበለቻት። ልጁ ተንፈራገጠ፤ ጩኸቱም ባሰበት። መልሳ ሰጥታ ቀስ እያለች ወረደች።

«ምነው ቆየሽ?» አሏት አባቷ።

«አባዬ፣ አስተናጋጇ ያለ ሼፉ አላመጣም አለች፤ ሼፉ ያለ ሩዙ አልጠቀልልም አለ፤ ሩዙ ያለ ጀነሬተሩ አልበስልም አለ፤ ጀነሬተሩ ያለ ዘበኛው አልነሣም አለ፤ ዘበኛው ያለ እናትየዋ አላስነሣም አሉ፤ እናትየዋ ልጇ ሳይተኛ አልፈቅድም አለች፤ ልጁ ደግሞ ያለ አባቱ ደረት አልተኛም አለ።»

ይህን ብላ አንገቷን ደፋች። አሁን «በቃኝ፣ ተመስገን» ሊሏት ነው፤ ኮታቸውን ይዘው ሊነሡ ነው።

አቶ ወንድይፍራው እውነትም ተነሡ። እጃቸውን ግን በሶፍት ጠረጉ።

«የስንት ወር ነው?»

«ስምንት ወር ግድም ይሆነዋል።»

«አንቺም ጥርስ ስታወጪ ቤት አላስቀምጥ ብለሽን ነበር። ደረጃው በየት በኩል ነው?»

የደረጃውን ብረት ተደግፈው፣ መሐል ላይ አረፍ ብለው ወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ለእኔ ስጪኝ» አሏት ስምረትን።

ስምረት አየት አደረገቻቸውና ሰጠቻቸው። ልጁ ጮኸ፤ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ፤ ጉንጩን ደረታቸው ላይ አሸት አሸት አደረገ። አቶ ወንድይፍራው ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለሱ፤ በአፍንጫቸው አንድ ነገር ያንጎራጉራሉ። ጩኸቱ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ሳግ ሆነ፤ ሳጉም ቀረ። ያ ባዶ ሆኖ የከረመ ደረት ሞቀ።

ልጁ ተኛ። ልጁ ሲተኛ እናትየዋ ከመስኮቱ እጇን አውለበለበች። እናትየዋ ስትፈቅድ ዘበኛው ገመዱን ሳቡ። ጀነሬተሩ አጓራ፤ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ፤ ፎቅ ያሉት ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ልጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ጀነሬተሩ ሲነሣ ሩዙ ፈላ፤ ሩዙ በስሎ ሲበርድ ሼፉ ጠቀለለ፤ ሼፉ ሲጠቀልል አስተናጋጇ ሳህኑን ሞልታ ፎቅ ድረስ ይዛ ወጣች፤ ምክንያቱም አቶ ወንድይፍራው መውረድ አልቻሉም። ልጁ ኮሌታቸውን አልለቅም ብሏል።

«አንቺም ብዪ እንጂ፣ ቁጭ በይ» አሏት ስምረትን በሹክሹክታ። ስምረት ተቀመጠች።

የአቶ ወንድይፍራው ሁለቱም እጆች ልጁን ይዘዋል። ስለዚህ ትርሲት አንዱን ሱሺ በጣቷ አንሥታ አጎረሰቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ትርሲት ዕንባዋን ለመጥረግ ፊቷን ዞር አደረገች። መለስ ስትል፣ አባቷ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል።