ስሙ ያልተነገረው ሥር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እምቢ ባለበት ዓመት፣ እመት ጃርት ከሁለት ልጆቿ ጋር በአንድ ድንጋያማ ኮረብታ ግርጌ ትኖር ነበር። እርሻ የላት፣ ጧሪ የላት። ያላት አንድ ሙያ ብቻ ነው፤ የሳል መድኃኒት ታውቃለች። ማለዳ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ወጥታ አንድ ሥር ትቆፍራለች፤ አድርቃ በድንጋይ ትወቅጠዋለች፤ ከዚያ በኮባ ቅጠል ቋጥራ ለጎረቤት ትሰጣለች። ጎረቤትም ገብስ ይሰፍርላታል። ሥሩ ምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እናቷ ሙያውን ስታወርሳት «ስሙን የተናገርሽ ዕለት ኃይሉ ይጠፋል» ብላታለች።

አንድ ቀን ከበረሃ ማዶ የመጣች ግመል እያሳለች በደጇ አለፈች። እመት ጃርት አዘነችላትና አንድ ቋጠሮ ሰጠቻት። ግመሊቱ ስትመለስ ድምጿ ጠርቶ ነበር።

«እሰይ የእኔ እናት፣ እጅሽ ይባረክ! በእኛ አገር ሳል ልጆቻችንን እየፈጀ ነው። አንድ ከረጢት ላኪልኝ፤ እኔም ገብስና ጨው እልክልሻለሁ። ብቻ ምን እንደሆነ ንገሪኝ፤ ለልጆቻችን የምናጎርሰውን እንወቅ።»

«እሱን እንኳ ተይኝ እቴ፤ አይነገርም።»

ግመሊቱን ቅር አላት። ግን ድናበታለችና አምናት ሄደች።

እመት ጃርት ልጆቿን ጥላ በረሃ መሻገር አልቻለችም። ይህን የሰማች ቀበሮ አያ ጅቦን አስከትላ ከች አለች።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ! አንቺ ውቀጪ፣ አያ ጅቦ ይሸከም፣ እኔ ላስረክብ።»

«አያ ጅቦ?» አለች ጃርት ሆዱን አየት አድርጋ።

«ምነው እመት ጃርት፣ መድኃኒት አይደል እንዴ? ሥጋ መሰለሽ?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

ምርጫ አልነበራትም። ክንዷ እስኪዝል ወቅጣ ከረጢቱን ሞልታ አሸከመቻቸው። «ገብሱ ሲመጣ ልጆቼ ጠግበው ያድራሉ» አለች በልቧ።

ከሳምንታት በኋላ የመጣው ግን ገብስ አልነበረም። ግመሊቱ ራሷ ከረጢቱን ይዛ፣ የምትስል ልጇን አስከትላ መጣች። በቀጥታ ወደ አንበሳ አደባባይ ሄዳ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«አምኜሽ ነበር እኮ!» አለቻት ጃርትን። «ልጄ ከዚህ ስትቅም ከረመች፤ ይኸው ባሰባት!»

ቀበሮ ቀደም አለች። «እኛ ያሸከመችንን አደረስን። ምን እንደሆነ እንኳ አልነገረችን፤ ምን እናውቃለን?»

አንበሳ ወደ ጃርት ዞረ። «በይ ተናገሪ። የላክሽው ምንድን ነው?»

እመት ጃርት ብትናገር የእናቷን አደራ ትበላለች፤ መድኃኒቱም ኃይሉን ያጣል። ዝም ብትል ቀጣፊ ትባላለች፤ ከእንግዲህ ማንም ከእሷ አይገዛም፣ ልጆቿም ይራባሉ። ይህን ስታወጣ ስታወርድ የግመሊቱ ልጅ ሳለች። ሳሉ ከራሷ ልጅ ደረት የወጣ መሰላት። ወደ ኮረብታው ሮጠች፤ አንድ ሥር ከነቅጠሉ ነቅላ መጣችና መሃል ላይ አስቀመጠችው።

«ቀበርቾ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»

ሰማዩ አልተናደም።

«በይ አሁን ሥሩን አሽቺው፤ ከዚያ ከረጢቱን አሽቺ» አለቻት ጃርት ግመሊቱን።

ግመሊቱ አሸተተች። «አዎ፣ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው! ይሄኛው ግን... ይሄ አመድ ነው!»

ይሄኔ አያ ጅቦ ግሳቱን መያዝ አቃተው። አፉን ከፍቶ አንዴ ሲያገሳ አካባቢው በሙሉ ቀበርቾ ቀበርቾ ሸተተ።

«አያ ጅቦ!» አለ አንበሳ።

«እኔ አይደለሁም፣ እመት ቀበሮ ናት! መድኃኒቱን ዋሻ ውስጥ ደብቀን ኋላ ለራሳችን እንሸጠዋለን ብላ ከረጢቱን አመድ ሞላችው። አንተ ጠብቅ አለችኝ፤ ጠበቅሁ። ስጠብቅ ራበኝ፤ ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት!»

«አንተ ሆዳም! ሁሉንም በላኸው?» ብላ ጮኸች ቀበሮ። ራሷን ማጋለጧ የገባት ከጮኸች በኋላ ነው፤ ጫካውን ጥሳ ጠፋች።

እመት ጃርት ሥሩን ልጣ ለግመሊቱ ልጅ አኘከችላት። ትንሿ ግመል እየዋለች እያደረች ደረቷ ለቀቀ፤ ስሙ የተነገረው መድኃኒት አልከዳም። ከዚያ ወዲህ ቀበርቾው ሳይወቀጥ፣ ከነቅጠሉ ታስሮ ይላክ ጀመር፤ የበረሃ ማዶ አገሮችም እያዩ፣ እያሸተቱ ተቀበሉት። ጎረቤቶች «እኛም እንቆፍር» ብለው ሲመጡ ጃርት አልከለከለችም፤ ዘሩ እስኪረግፍ መታገሥን፣ የሥሩንም አናት መልሶ መቅበርን አሳየቻቸው። ተሸካሚው አሁንም አያ ጅቦ ነው። ብቻ አንበሳ እንደፈረደው አፉ ታስሮ፣ ሽታው አፍንጫውን እያወደው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ በረሃውን ያቋርጣል።

ከዚህ የምንማረው፣ የያዝነው መድኃኒት ሩቅ አገር ደርሶ የሚታመነው ምንነቱ በግልጽ ሲታወቅ መሆኑን ነው፤ ሸሽገን ያኖርነውን ሌባ በአመድ ቢለውጥብን የእኛ የቱ እንደነበር ማስረዳት አንችልምና።